የሽምብራው እሸት የቀረበት ኅዳር

አጎቴ በየዓመቱ ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ሸክም የሽምብራ እሸት ይልኩልናል። ከቢሾፍቱ ለሚመጣ የሚኒባስ ሾፌር አደራ ይሰጡና፣ ሥሩ ላይ ጥቁር አፈር እንደያዘ ቃሊቲ ሄደን እንቀበላለን። ልጆቼ እየፈለፈሉ ሲበሉ ምንጣፉ በገለባ ይሞላል፤ በዚያን ቀን ብቻ አልቆጣም።

አምና ግን እሸቱ ቀረ። "ዘንድሮ ዘግይቷል" አልን። ታኅሣሥም ገባ። ለገና "እንኳን አደረስዎ" ለማለት ስደውል አጎቴ ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስለ ሽምብራው ትንፍሽ አላሉም። ስልኩን ከእሳቸው የተቀበለችው ልጃቸው ናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ያ መስከረም ላይ የላክሽልን ቪዲዮ እኮ..." ብላ የጀመረችልኝ።

ዘንድሮ ኅዳር፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ አድአ የወረድኩት ለዚህ ነው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ብዙዎቻችን የምናውቃት በሐይቆቿ ነው፤ ሆራን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱን አይተን፣ ዓሣ በልተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። እኛ ግን በዚያ ቅዳሜ የፍጥነት መንገዱን ትተን በአቃቂና በዱከም የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ መረጥን። በግራችን የረር፣ በቀኛችን ርቆ ዝቋላ ይታያል። ሜዳው ላይ ጤፉ ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል፤ ግማሹ ወርቃማ ሆኖ ነፋስ ያስተኛዋል። ከጤፉ መካከል ደግሞ አረንጓዴ መደቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። ሽምብራ ናቸው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ተዘርተው፣ ጥቁሩ አፈር ባስቀረው እርጥበት ብቻ የሚያድጉ ናቸው።

ይህ አገር የግብርና ዕውቀት ከላብራቶሪ ወደ ማሳ በመውጣት የቆየ ልምድ አለው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ነው ያለው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው "ቁንጮ" የተባለው የጤፍ ዝርያ የዚሁ ማዕከል ሥራ ነው። ምርት የሚሰጠውን "ዱከም"ን ነጭ ፍሬ ካለው "ማኛ" ጋር አዳቅለው ያገኙት ነው። የምርምሩ ውጤት ገበሬው ጋ የሚደርሰው ግን በቀበሌ የግብርና ባለሙያ እግር ነበር። ዛሬ ከባለሙያው እግር ጋር ስልኩም እኩል እየሮጠ ነው። አንዳንዴም ቀድሞ ይደርሳል። እኔን ያሳፈረኝ ይሄ ቀድሞ መድረሱ ነው።

አጎቴ በር ላይ ጠበቁን። ልጆቹን ስመው፣ ቡና እስኪፈላ እንኳን ሳይጠብቁ "ኑ፣ ማሳውን እዩ" አሉ። ሽምብራው ጉልበት ድረስ ሳይደርስ በቁጥቋጦ በቁጥቋጦው ፍሬ አንዠርግጓል። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ንግግር ረስቼ "አጎቴ፣ እኔ እኮ ላግዝዎ ብዬ ነበር" አልኩ።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምና መስከረም ላይ ስልኬን ስነካካ አንድ አጭር ቪዲዮ መጣልኝ። አንድ ሰው መርጫ በጀርባው አዝሎ አረንጓዴ ማሳ ውስጥ ይሄዳል፤ "ሰብሉን ሳይነካ አረሙን ብቻ የሚያጠፋ" ይላል። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁላት፤ "ለአባትሽ አሳዪልኝ" የሚል ጽሑፍም ጨመርኩበት። ቪዲዮው ውሸት አልነበረም። መድኃኒቱ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ቱ ፎር ዲ ነው፤ ማሳውም የጤፍ ነበር። ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው ግን "ጤፍ" የምትለዋን ቃል አብሮ ቆርጧታል። አጎቴ ለጤፋቸው ገዝተውት የተረፈ ቱ ፎር ዲ ቤት ውስጥ ነበራቸው። ከከተማ፣ ያውም ከተማረች የእህታቸው ልጅ የመጣውን ምክር አምነው፣ አረም የበዛበትን ሩብ ሄክታር ሽምብራ ረጩት። በቀናት ውስጥ ጫፉ ተጠማዘዘ። ከዚያ ጠወለገ።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። እዚያው ማሳው ዳር ቆማ ለልጆቼ እንዲህ አስረዳቻቸው። "ቱ ፎር ዲ የሚያጠቃው ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ነው። ጤፍና ስንዴ የሣር ዘመድ ስለሆኑ በመጠኑና በጊዜው ከተረጨ ይተርፋሉ። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ ግን ሰፊ ቅጠል ካላቸው ወገን ናቸው። ለመድኃኒቱ ሽምብራም አረም ነው።"

ባለሙያዋ የቀበሌውን ገበሬዎች የሚያገናኝ የቴሌግራም ግሩፕ አላት። ስማርት ስልክ ያለው በየጎጡ አንድ ሁለት ሰው ነው፤ አብዛኛውም እንደ አጎቴ ልጅ ወጣት ነው። እነሱ መልእክቱን ተቀብለው ለጎረቤት ያሰማሉ። ማንበብ የማይችሉ ስላሉ መልሱ በድምፅ ይላካል፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ቪዲዮ ከሆነ የካርድ ወጪ እንዳይበዛ አንዱ ያወርደውና ሌሎቹ በብሉቱዝ ይቀባበሉታል። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን የአጎቴ ልጅ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ትወጣለች። ልጆቼ ጉብታዋን "የኔትወርክ ተራራ" ብለው ሰየሟት።

ግሩፑ ሕግ አለው። ስለ በሽታ ወይም ስለ ተባይ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ፎቶ ይልካል፦ ማሳውን ከሩቅ፣ አንዱን ተክል ከሥር እስከ ጫፍ፣ ቅጠሉን ከነጀርባው። ከፎቶው ጋር ሰብሉን፣ ዝርያውንና የተዘራበትን ቀን ይናገራል። "የቢጫ ቅጠል ፎቶ ብቻ ከላኩልኝ ምን ልበል?" አለች ባለሙያዋ። "ውኃ ተኝቶበት ሊሆን ይችላል፤ በሽታም ሊሆን ይችላል። ሳላውቅ ከመለስኩ እኔም እንደዚያ ቪዲዮ ሆንኩ ማለት ነው።" ፎቶው ካልበቃት ሞተር ተሳፍራ ትሄዳለች። ስማርት ስልክ የሌለው ደግሞ በተራ ስልኩ 8028 ይደውላል፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል ጥበቃ የተቀዳ ምክር በነፃ የሚያሰማ መስመር ነው።

አራተኛው ሕግ የወጣው ከአምና ወዲህ ነው፦ የሰብሉን ስም ያልያዘ ቪዲዮ አይለጠፍም።

የአጎቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ወደኋላ ሄደችና አንድ የድምፅ መልእክት ከፈተችልኝ። የአጎቴ ድምፅ ነው። ረጋ ብለው፣ ስማቸውንና ጎጣቸውን ተናግረው፣ "አንድ ቪዲዮ አይቼ የጤፍ መድኃኒት ሽምብራ ላይ ረጨሁ፤ ሩብ ሄክታሬ ሄደ፤ እናንተ እንዳትረጩ" ይላሉ። ከዚያ የተጠማዘዘው ማሳ ሦስት ፎቶ ይከተላል። ባለሙያዋ እንደነገረችን፣ በዚያ ሳምንት ሊረጩ የተዘጋጁ ሁለት ጎረቤቶች መልእክቱን ሰምተው ተመልሰዋል።

ጎበዝ ገበሬ መባል ለሚወዱ ሰው በአደባባይ "ከሰርኩ" ማለት ቀላል አይደለም። ቪዲዮውን ማን እንደላከላቸው ግን በዚያ መልእክት ውስጥ የለም። ለእኔም በስልክ አልነገሩኝም፤ ይሉኝታ ይዟቸው፣ እኔ እንዳላፍር።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጎረቤት ፎቶ መጣ፤ የሽምብራው ፍሬ ክብ ቀዳዳ አለው። "ጓይ ትል" አለች ባለሙያዋ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ፍሬውን የሚበላ ነው። መልሷ "ርጩ" አልነበረም። "መጀመሪያ ማሳው ውስጥ አምስት ቦታ ቆመህ ትሉን ቁጠር። ለእሸት የምትሸጠው ከሆነ ደግሞ ንገረኝ" አለችው። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሰብሉ ሳይበላ መቆየት ያለበት ጊዜ አለ፤ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ያንን እሸት መንገድ ዳር ገዝተን ለልጆቻችን የምንሰጠው እኛ ነን። የዚያ ግሩፕ ምክር የገበሬው ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

እናንተም በዚህ ወቅት ወደ ቢሾፍቱ ከወረዳችሁ፣ ከሐይቁ በፊት ግማሽ ቀን ለማሳው ስጡት። ዘመድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ኅዳር የአጨዳ ጊዜ ስለሆነ እንግዳ ሆናችሁ ብቻ አትቀመጡ፣ ልጆቹ ነዶ ያቀብሉ። ጥቁሩ አፈር ስለሚሰነጣጠቅ ጠንካራ ጫማ ይልበሱ። ለገጠር ዘመዶቻችሁ ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የምን ሰብል ነው? የየት አገር ነው? የተናገረው ማን ነው? መልስ ካጣችሁ አትላኩት።

ልንመለስ ስንል አጎቴ ሁለት ሸክም እሸት መኪናው ውስጥ ጫኑ። "አንዱ የአምናው ነው" አሉ። ልጄ እሸቱን አቅፈው ሲያመጡ በስልኬ ቀርጻቸው ነበር። መንገድ ላይ ለአክስቶቿ ልትልከው ስትል ቆም አለችና ከኋላ ወንበር ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ ሽምብራ መሆኑን ልጻፍበት?"