«ሆዴ ተቃጠለ»

ባሕር ማዶ ሳለሁ የእናቴ መርዶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቼ ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ነርሷ «ምንህን ነው?» ስትለኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ሆዴ ተቃጠለ» አልኳት። ደግ ሰው ነበረች፤ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥታ ሸኘችኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ድሬዳዋ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ በ2014 ነፃ የንግድ ቀጠና የሆነው ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ባጃጅ እንጠብቃለን። ልጅቱ የነርሲንግ ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ የፈረንጅ ተማሪዎች ታድለው! የሌላ ሕዝብ ባህል እንዲያውቁ ለልምምድ ባሕር ማዶ ይላካሉ» ትለኛለች። በዚያው ሰዓት ፈረቃ ወጥቶ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው በአንድ በር ይጎርፋል።

አንዲት ሠራተኛ ከሻይ ሻጯ አጠገብ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። የእህቴ ልጅ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። «ገራን ና ጉባ» አለች፤ ሆዴ ተቃጠለ ማለቷ ነው። የኛዋ ኦሮምኛ አያቅታትም። ወዲያው «ጨጓራ ነው፤ ምሳ በልተሻል?» አለች። ሻይ ሻጯ ቀና ብለው፣ «አቦ ልጄ፣ ወንድሟን ቀብራ መምጣቷ ነው» አሉ።

የእህቴ ልጅ ፊቷ ቀላ። አጠገቧ ተቀመጠችና ዝም አለች። ከዚያ ስለ ወንድሟ ጠየቀቻት። ስለ ምግቡም መልሳ ጠየቀች፤ ሐዘንተኛም እኮ ጨጓራ ሊያመው ይችላል።

አሜሪካዊቷ ነርስ ማዴሊን ሌኒንገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ ሄዳ ከሕዝቡ ጋር ኖራለች። ባህልን ያገናዘበ ነርሲንግ የሚባለውን ትምህርት ያቋቋመችው እሷ ናት። እኛም ባዶ አልነበርንም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና የሳኒቴሪያን ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር።

መንገዱ የሚጠቅመው ታዲያ ለምንድን ነው? «አውቃለሁ» ያለውን ሰው እንግዳ ስለሚያደርገው ይመስለኛል። እንግዳ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ የተመለሰ ተማሪ ግን ይዞ የሚመጣው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ባቡሩ ከገባበት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ እንግዳ መሆንን በነፃ ታስተምራለች።

ባጃጁ መጣ። የእህቴ ልጅ ግን አልተነሳችም። «አንተ ሂድ ጋሼ፣ እኔ ትንሽ ልቆይ» አለችኝ።

ያኔ ለእኔም እንዲህ የሚቆይልኝ ሰው ነበር ያስፈለገኝ።