ነጩ ለመሶብ፣ ቀዩ ለጋን

በእኛ አገር እህል የሚዳኘው በመልኩ ነው። ሐራ ገበያ ወርዶ ማሽላ የሚሸምት ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዓይኑ ፈርዶ ጨርሷል፤ ነጩ ለእንጀራ፣ ቀላ ጠቆር ያለው ዘንጋዳ ለጠላ። ጤፍም ቢሆን ከማኛ እስከ ቀይ በመልኩ ተሰልፎ ነው ዋጋ የሚወጣለት። እንግዳ ሲመጣ ነጩ መሶብ ላይ ይወጣል፤ ቀዩ ጋን ውስጥ ይገባል። እንግዳው ታዲያ ነጩን በልቶ ዝም ይላል፣ ቀዩን ጠጥቶ ይዘፍናል። ምስጋናው ለየትኛው እንደሚገባ እናንተው ፍረዱ።

የዚህን ቀይ መልክ ዘር ማንዘር ልቆጥር ተነሥቼ ከጠላ ቤት ቤተ ሙከራ ደረስኩ። አበባንና ፍራፍሬን ቀይ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ከሚያደርጉት ቀለሞች ዋናው አንቶሳያኒን ይባላል። በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ አለ፤ በበሰለ የቡና ፍሬ ላይ አለ፤ በከርከዴማ ሞልቷል። ጠባዩ ግን አይጨበጥም። ሎሚ ሲያገኝ ይቀላል፤ አመድ ወይም ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሸሻል። አየርላንዳዊው ሮበርት ቦይል ይህንኑ በቫዮሌት አበባ ሽሮፕ ሞክሮ በ1664 ጽፎታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በዕፅዋት ቀለም ላይ በሠራው ሥራ በ1915 ኖቤል የተሸለመው ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተር ደግሞ ቀይ ጽጌረዳና በአውሮፓ የስንዴ ማሳ ውስጥ የሚበቅል አንድ ሰማያዊ አበባ የተኳሉት በአንድ ቀለም መሆኑን አሳየ።

ጁስ ቤት ውስጥ የሚኮራው ቀይ ሥር ግን የዚህ ቤተሰብ ልጅ አይደለም። የራያ በለስም እንዲሁ። የእነሱ ቀለም ቤታላይን ይባላል፤ ሁለቱ ቀለሞች በተፈጥሮ በአንድ ተክል ላይ አብረው ተገኝተው አያውቁም። የእኛ አገር ባላባቶችም እንዲህ ድንበር ቢያከብሩ ኖሮ ስንት ደም ይተርፍ ነበር።

ወደ ማሽላው ስንመለስ፣ የእሱ አንቶሳያኒን ከዘመዶቹ ለየት ይላል። ትል የበላው ወይም ሻጋታ የያዘው ቅጠል ቁስሉ ዙሪያ ወይን ጠጅ ሲሆን ያላየ የቆላ ገበሬ የለም። ያ ቀለም ተክሉ ሲጠቃ ራሱን ሊከላከል የሚሠራው የአንቶሳያኒን ዓይነት ነው፤ ሙቀትንም ከሌሎቹ ይበልጥ ይችላል። ጋናዎች ይህን ያወቁት ሳይማሩ ነው፤ ሩዝና ቦሎቄ ሲቀቅሉ የማሽላ ቅጠል ጨምረው ቀይ ያወጡታል። የዘንጋዳ መራራነት ግን የሌላ ጌታ ሥራ ነው፣ የታኒን። ወፍ የሚያባርረውም እሱ ነው፤ ገበሬው አንዱን ማሽላ «ወፍ አይበላሽ» ያለው በከንቱ አይደለም። ወፍ የናቀውን ሰው ብቅል አድርጎ ጠጣው። ቀዩ ወደ ጋን የተሰደደው እንግዲህ በመልኩ ብቻ ሳይሆን በጣዕሙም ጭምር ነው።

ሳይንሱም ቢሆን ለቀዩ ጠበቃ አልቆመለትም። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስንሄድ የምናገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል «የጁ» እና «ራያ» የሚባሉ የማሽላ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ስማቸው ደስ ይለኛል። በዓለም ዙሪያ ለምግብ የሚሆን ማሽላ የሚያዳቅሉ ሰዎች ግን ቁስሉ የማይቀላውን ተክል ይመርጣሉ፤ ዝናብ ሲመታው ፍሬው ላይ እድፍ አይጥልማ። ምሁርና ሸማች ከስንት አንዴ ተስማሙ፣ እሱም በነጩ ላይ።

የደጋው ታሪክ ይብሳል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ስንዴ፣ ገበሬው ጥቁር ስንዴ የሚለው፣ ወደ ዓለም የወጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። እዚህ ከሌላው ስንዴ ጋር ተደባልቆ ይበቅላል፤ ዕጣውም ያው ጠላና አረቄ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ ከአገራችን በሺዎች የሚቆጠር የዘር ናሙና ሰብስቦ ሄደ። የዓለምን ረሃብ በዘር ሊያሸንፍ የተነሣው ይህ ሰው በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ስለ እህል መቀለድ ይከብደኛል። የጥቁር ስንዴው ዘር ግን መንገዱን ቀጠለ። ኒውዚላንድ ውስጥ «ኮኒኒ»፣ ኦስትሪያ ውስጥ «ኢንዲጎ» የሚባሉ ወይን ጠጅ የዳቦ ስንዴዎች ወጡ። ዳቦውም «ለጤና» እየተባለ ይሸጣል።

እኛስ? የዚህ ስንዴ ቀለም የሚያርፈው በውጭ ሽፋኑ ላይ ነው። ሽፋኑ የእናቲቱ አካል በመሆኑ አባትየው ነጭ ቢሆንም ፍሬው ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። ነጭ ዱቄት ካላየን የማንረጋ ሰዎች ያንን ሽፋን ወፍጮ ቤት አስገፍፈን ፉርሽካውን ለከብት እንሰጣለን። በጤና ጉዳይ ከባለቤቶቻቸው የቀደሙ በሬዎች ያሉን ይመስለኛል።

ጤናውን ካነሣን አይቀር፣ አሜሪካ ውስጥ 93,600 ሴት ነርሶችን ለ18 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2013 ታትሟል። በሳምንት ከ3 ጊዜ በላይ ብሉቤሪና እንጆሪ የበሉት፣ እምብዛም ካልበሉት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ቁጥሩ ያማልላል። ነገር ግን እንጆሪ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ሌላም ነገር በደህና የሚበላ፣ ኪሱም የማይጎድል ሊሆን ስለሚችል፣ የዳነው በቀለሙ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ከዋጥነው ቀለም ሳይለወጥ ደም ውስጥ የሚገባውም ጥቂቱ ነው። አውሮፓውያን ለአንቶሳያኒን ኢ163 የሚል ቁጥር የሰጡት እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ማቅለሚያ ነው።

ይህን ሁሉ ጠላ ቤት ውስጥ ለአንድ ዕድሜ ጠገብ ሰው በዝርዝር አስረዳሁ። ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

«ነርሶቹ የጠጡት የዘንጋዳ ጠላ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም አባባ፣ እንጆሪ ነው የበሉት።»

«ታዲያ እነሱ ምኑን አወቁት!» አሉና ጣሳቸውን ለቀጂዋ ዘረጉ።