ባለ አንድ መቀመጫዋ ሞተር

ሞተሯ በጸሎት ቤታችን ጓሮ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ሸራ ለብሳ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ትታቀፍባት ነበር። መስታወቷን ልጆች ነቅለው ወስደውታል። ታንኳ ግን አንድ ጎኑ ከመሰርጎዱ በቀር ደኅና ነበር። ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። የአጥቢያችን የመጀመሪያው ወንጌላዊ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ለብዙ ዓመታት የዞሩት በእሷ ነው። (የእስቴ ከተማ ስሟ መካነ ኢየሱስ ስለሆነ ከሩቅ የሚመጡ ወንድሞች አገሩ በሙሉ የወንጌላውያን ይመስላቸውና ይደሰታሉ። እኛም ለጥቂት ደቂቃ ደስታቸውን አንነካባቸውም።) ጋሼ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ግንቡን አስደግፈዋት ገቡ። ከዚያ ወዲህ የነካት አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎችን አስፈቅጄ አወጣኋት። በማመልከቻዬ ላይ «ለወጣቶች ክፍል አገልግሎት» ብዬ ጻፍኩ። ከፊሉ እውነት ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ጀምሮ የራሴ ሞተር በኖረኝ እያልኩ የኖርኩ ሰው መሆኔን ግን አልጻፍኩም።

እውነተኛው ከፊል አንድ ልጅ ነበር። በእኔው ክፍል መዝሙር ተምሮ ያደገ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ጉባኤ ላይ አልታየም። ነፋስ መውጫ አንድ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። መንገድ ላይ ሳገኘው «ሰላም ቲቸር» ይለኛል፤ «ናፍቀኸናል» ስለው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሞተሯን ላሳየው ስወስደው ግን ሸራውን ራሱ ገፈፈው። ስልኩን አውጥቶም አንድ ፎቶ አሳየኝ። መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ታንኳ ረዘም ያለ፣ ከኋላዋ ጉብ ያለች የአንድ ሰው መቀመጫ ያላት ሞተር ናት።

«ካፌ ሬሰር ይባላል ቲቸር። ይህችን እንዲህ እናድርጋት» አለኝ።

ስሙን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእሽቅድምድም ሞተር ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው የእንግሊዝ ወጣቶች ተራውን የመንገድ ሞተር ይገዙና የማያስፈልገውን ሁሉ ይነቅሉለት ነበር። ከአንድ ካፌ ወደ ሌላው ይሽቀዳደማሉ። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ከታወቁት መሰብሰቢያዎች አንዱ በ1938 ለንደን ውስጥ የተከፈተው ኤስ ካፌ ነበር። ሕልማቸው በሰዓት መቶ ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር ነው። ብዙዎቹ በወጡበት ቀርተዋል። ጥቁር ቆዳ ጃኬት ለብሰው ሲመጡ ሰው ይሸሻቸው ነበር።

አባ ቢል ሼርጎልድ የሚባሉ የለንደን ቄስ ግን ራሳቸው ሞተረኛ ነበሩ። በ1962 ወደዚያ ካፌ ሄደው ወጣቶቹን ለአምልኮ ሊጋብዙ ተነሡ። የመጀመሪያ ቀን ፈርተው ሳይገቡ አለፉ ይባላል። ይህን ሳነብ ወደድኳቸው። ቆይተው ግን ገቡ፤ ልጆቹም ሞተራቸውን እየነዱ ቤተ ክርስቲያን መጡ። በ1959 ለተቋቋመው የወጣቶች ክበብም የሞተረኞች ክፍል ተከፈተለት። ታሪኩን ለልጁ ነገርኩት። «ቄሱ ምን ሞተር ነበራቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትራይምፍ መሆኑን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

ሰባት ወር ፈጀብን። ማታ ማታ እሱ ከሥራ ሲወጣ፣ እኔ ደግሞ ፈተና አርሜ ስጨርስ እንገናኝ ነበር። መሪውን ነቅለን ከፊት ጎማ በሚወጡት ሁለት ቱቦዎች ላይ ዝቅ አድርገን አሠርነው። የእግር ማሳረፊያውን ወደ ኋላ ወሰድነው። ፓራፋንጎውን አሳጠርነው። የመቀመጫዋን ሥር ልጁ ከላሜራ ቀጥቅጦ አወጣው፣ ገበያ ያለ ጫማ ሰፊ ደግሞ ቆዳ አለበሰልን። ታንኩን በእንጨት መዶሻ ከውስጥ ሊያቃናው ቢሞክር እንቢ አለው፤ ስርጉዷ እንዳለች ቀረች።

ሥራችን ክብደት መቀነስ ነበር። አንድ ምሽት ስለ ጋፋት አወራሁለት። ከደብረ ታቦር ወጣ ባለችው በዚያች መንደር ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ያዘዟቸው ሰዎች በስዊዘርላንድ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ የወንጌል ባለ ሙያዎች ነበሩ። ለማስተማር መጥተው ብረት አቅላጭ ሆኑ። ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በእኛው በጋይንት በኩል፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። «እኛ መቶ ኪሎ የማትሞላውን ለማቅለል ሰባት ወር!» አለና ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ሁለት ስሕተት ሠርተናል፤ ሁለቱም ከፎቶው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው የካቴናው ነው። ሲጂ 125 በ1976 (እ.ኤ.አ.) ገበያ የወጣች ናት። የሆንዳ መሐንዲሶች ሞተራቸው አቧራና ጭነት በበዛበት አገር፣ ጥገናም በማይደረግለት ቦታ እንዴት እንደሚነዳ ዞረው አይተው ነው የነደፏት። ስለዚህ ካቴናዋን ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ሸፈኑት። እኛ ውበት ያጎድላል ብለን ሽፋኑን አወለቅነው። በጠጠሩ መንገድ ወደ ታች ጋይንት ሁለት ጊዜ ወርደን ስንመለስ ካቴናው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጭ ጀመር። ሽፋኑ ተመለሰ።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። የሚሽቀዳደሙ ሰዎች በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ባለ ቀዳዳ ቡሎን ቀዳዳዋ ሰፋ ባለ ይቀይሯታል። እኛም ቀየርናት። ሞተሯ ጥቁር ጭስ ትተፋና ዳገት ላይ ታፍና ትጠፋ ጀመር። ካንዴላውን ስንፈታው ጥላሸት ለብሶ፣ በቤንዚን ርሶ እናገኘዋለን። አንድ ሳምንት ሙሉ መብራቱን መረመርን፣ ካርቡራተሩን አጠብን፣ ተነጫነጭን። በመጨረሻ ከፊዚክስ ደብተሬ ላይ ትዝ አለኝ። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ነፋሱ ቢበዛም አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው በሦስት እጅ አንድ ያህል ይጎድላል። አየር ካነሰ ቤንዚኑም ማነስ አለበት። የሚያስፈልገን ጠበብ ያለ ቀዳዳ ነበር። 11 ያህል የፈረስ ጉልበት አላት የተባለችው ሞተርም እዚህ ስምንት ካገኘች ደኅና ናት። ስለ 160 ኪሎ ሜትር ከዚያ ወዲህ አላወራንም።

ያለቀች ቀን ጋሼ ሊያዩዋት መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሁለት ጊዜ ዞሯት። ስርጉዷን በጣታቸው ዳበሱ።

«እጃችሁ ይባረክ፤ ቆንጅታለች» አሉ። ከዚያም፣ «ሌላው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሌላ ሰው አትጭንም ጋሼ፤ የእሽቅድምድም ናት» አላቸው ልጁ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማን ማን እንደ ተቀመጠባት ነገሩን። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ከነእናቱ። ለስማዳ ምእመናን የሄደ ግማሽ ኩንታል ዘር። ጃንጥላቸውን የያዙ የገጠር ቄስ፣ መንደራቸው ሳይደርሱ «እዚህ ጋ አውርደኝ፤ ከአንተ ጋር እንዳልታይ» ይሏቸው የነበሩ፣ በሚቀጥለውም ሳምንት መንገድ ዳር የሚጠብቋቸው። «ስብከቴን ረስቼዋለሁ፤ ከኋላዬ የተቀመጡትን ግን አልረሳም» አሉ።

ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። በስብሰባው ላይ አንዱ «የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ለዚያ ለወጣው ልጅ ሰጥተህ ታስቆርጣለህ?» አሉኝ። ሐሳቡ የእኔም እንደ ነበር፣ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሳንቲም እንዳልወሰደ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። እንደ ነበረች ትመለስ ተብሎ ተወሰነ፤ እኔም አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ።

በማግሥቱ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሰምቶ ቆይቷል። መከላከያውን ከፊቱ ሳያነሣ በር ሲበይድ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲጨርስ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጆንያ ጎትቶ ፈታው። የድሮው ረዥም መቀመጫ ነው፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ስፖንጁ ተቀይሮ፣ ዳር ዳሩ ተሰፍቶ። የኋለኛው ሰው እግር ማሳረፊያዎችም አብረውት ነበሩ።

«አራት ቡሎን ናት ቲቸር። ቻሲውን አልቆረጥኩትም፤ ሰው የአያቱን ሞተር ይቆርጣል? ማን ጠየቀኝ?»

ባትሪ ይዤ ሰባት ወር አበራሁለት፤ አራቱን ቡሎኖች አላየኋቸውም። ይቅርታ ጠየቅሁት። ለሽማግሌዎቹም ከሳምንት በኋላ፣ ልጁ ባለበት፣ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

መቀመጫውን መቀየር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መሪዋ ዝቅ እንዳለ ነው፤ እሱን ጋሼም ወደውታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ፊት፣ ጋሼ ኋላ ሆነው፣ በጉልበታቸው ምክንያት ለዓመታት ያልጎበኟቸውን ሰዎች ለማየት ወደ አርብ ገበያ በኩል ይወርዳሉ። እሑድ ጉባኤ ይመጣል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ እሑድ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው አልመጣም። የአንድ ሰው መቀመጫዋ እኔ ቤት፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ናት። ነገ ማታ ካቴናውን ልንቀባ ተቀጣጥረናል፤ ግራሶ ይዤ እንድመጣ አዞኛል።