ቲቸር፣ ዘንዶ ለማብላት ስንት ያስወጣል?



ባለፈው ሳምንት 9ኛ ክፍል ስለ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳት እያስተማርኩ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፈረንጆቹ ቤታቸው ዘንዶ ያሳድጋሉ። ጥንቸል ሲያበሉት ቲክቶክ ላይ አየሁ። ማብላቱ ስንት ያስወጣል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ጥያቄው ስለጣመኝ ሰሌዳው ላይ ማስላት ጀመርን።

ሦስት አራት ሜትር የሚሆን ዘንዶ በወር አንድ ጥንቸል ወይም አንድ ሁለት ዶሮ ከዋጠ ይበቃዋል። በዓመት ሃያ ዶሮ በሉት። ሙቀቱን ከውጭ ስለሚያገኝ፣ በክብደት የሚያክለው ጡት አጥቢ ከሚፈልገው ጉልበት 10 በመቶ ያህሉ ነው የሚያስፈልገው። ወጪው ሌላ ጋ ነው። ብርድ አገር ከሆነ ቀን ከሌት ማሞቂያ ይፈልጋል፤ ካልሞቀው የዋጠው አይፈጭለትም። ዕድሜው ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የሰለቻቸው ሰዎች ዱር የለቀቁት ዘንዶ ተራብቶ ዛሬ የአካባቢውን እንስሳ እየጨረሰ ነው።

«እንደኛ የጊፋታ ሥጋ ነዋ! አንዴ ጠግቦ መክረም» አለች አንዷ። ሳቅን።

ደመ ሞቃት ሲሆን ግን ሒሳቡ ይከብዳል። አንበሳን አስቡ። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ገንዘብና ቦታ አጥሮ ግልገሎች በመርዝ ይገደላሉ መባሉ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር።

ይኼኔ ከኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ «ታዲያ እኛ ቶሎ የሚርበን ለዚህ ነው?» አለ። «አዎ፣ ከምንበላው ትልቁ ድርሻ 37 ዲግሪያችንን ለመጠበቅ ይቃጠላል፤ እንደ ዘንዶ መክረም አንችልም» ብዬ መለስኩ። መልሱ ልክ ነበር። ልጁን ሳየው ግን ደነገጥኩ። ከዳሞታ ሥር በእግሩ የሚመጣ፣ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁሌ የሚያንቀላፋ ልጅ ነው። በቀደም ዕለት እንኳ ጠመኔ ወርውሬበታለሁ።

ከክፍል ስንወጣ ጠራሁት። ቁርስ በልቶ አያውቅም።

የዘንዶውን ቀለብ በዶሮ ስቆጥር፣ ፊቴ የተቀመጠውን ልጅ ሒሳብ አልሠራሁም ነበር። አሁን የሚተኛ ተማሪ ሳይ መጀመሪያ «ቁርስ በላህ?» ነው የምለው። ሻይ ቤት ሄደን ሻይ በዳቦ እንበላለን፤ በደሞዜ ለሁሉም ባይዳረስም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እንቅልፋሞች እያልኩ ያስቆምኳችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።