የባልጩት አድራሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን መልካ ቁንጡሬ ገባን። አዋሽ ዳር ያለው ይህ ሥፍራ ባለፈው ሐምሌ ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ጥቁሩ ባልጩት፣ ሳይንሱ ኦብሲዲያን የሚለው የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። እዚሁ ስምቢሮ በተባለው ቦታ የዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ግድም የእጅ መጥረቢያ በብዛት ተጠርቦበታል። የድንጋዩ መገኛ ባልጪት ደግሞ በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18
መገኛው እንዴት ታወቀ? ሥነ ምድር የሚያስተምር ወዳጄን ጠየቅሁት። መልኩ አይታመንም አለኝ፤ ጥቁር ባልጩት የትም አለ። የሚለየው ውስጡ ያሉት ሩቢዲየም፣ ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም ናቸው። ከአንድ ድስት የተቀዳ ወጥ በየትኛውም ገበታ ጣዕሙ አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ ከአንድ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የወጣ ባልጩትም የትም ቢወሰድ የእነዚህ መጠን ያው ነው። ኤክስሬይ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱን ጨረር ይመልሳል፤ የድንጋይ መሣሪያውን መስበር አያስፈልግም።
«ግን ኬሚስትሪው እናት አለቱን እንጂ ተሸካሚውን አይነግርህም» አለ። በስምቢሮ ድንጋዩን ወደ ጠራቢዎቹ ያቀረበው ወንዙ ነበር፤ ውኃ ያሞለሞለው የድንጋይ ገጽ ይህን ያሳያል።

ሰኞ፣ ኅዳር 23
ማታ ስለ ባሌ ሳነብ አመሸሁ። 3,470 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለው የፍንጫ ሀበራ ዋሻ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ኖረዋል፤ ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል። ባልጩታቸውን ያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው፤ ያኔ የባሌ አናት በረዶ ለብሶ ነበር። ድሬዳዋ አጠገብ ካለው ፖርክ ኢፒክ ዋሻ ከተገኙት ባልጩቶች አንዳንዶቹ ደግሞ መገኛቸው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ያለውን ርቀት ጎርፍ አያደርሰውም፤ ወይ ሰው ተጉዟል ወይ ድንጋዩ ከእጅ እጅ ተላልፏል።

እሑድ፣ ኅዳር 29
አጎቴ ቤት ቡና ተጠርተን ሳለ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በሁለት በኩል የተሳለ ባልጩት አየሁ።
«ጋሼ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»
«ዝዋይ ስሠራ፣ ሜዳ ላይ መሰለኝ። ቆየ እኮ።»
በዚያው አካባቢ፣ ጋደሞታ ላይ፣ ከ279,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት የጦር ጫፎች ተገኝተዋል። የአጎቴን ድንጋይ ኤክስሬይ ብናሳየው የወጣበትን ተራራ ይነግረን ይሆናል። የወደቀበትን ቦታና የአፈሩን ንብርብር ግን ማንም አይመልሰውም፤ ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሜዳ ላይ ያየ ሰው ባለበት ይተወው፤ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገር። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።