በዛብህን ደግሞ ማን ይጫወተው?

ወዳጆቼ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በፊልም ወይም በድራማ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር የውስጥ መስመሬ በመልእክት ይጨናነቃል። የሐዲስ ዓለማየሁ አገር ሰው ስለሆንኩ፣ በዚያ ላይ አማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ፣ ነገሩ እኔን የሚመለከት ይመስላቸዋል መሰለኝ። «ቲቸር፣ ዝም ይላሉ እንዴ? ሰብለ ወንጌልን ሊያበላሿት እኮ ነው!» ይለኛል አንዱ። ሌላዋ ደግሞ «ወጋየሁ ንጋቱ ጨርሶታል፤ ከሱ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?» ትላለች። ገና አንድ ምስል ሳይታይ ፍርዱ አልቋል።

ይሄ ነገር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ስታር ትሬክ» የሚባለው የጠፈር ተጓዦች ታሪክ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የጀመረው ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ሐዲስ መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው ዓመት! እ.ኤ.አ. በ1987 አዲስ መርከብ፣ አዲስ ካፒቴን ሲመጣ የድሮዎቹ ወዳጆች «ካፒቴን ከርክ የሌለበት ምን ስታር ትሬክ ነው?» ብለው አኮረፉ። ያ የተኮረፈበት ሥራ ሰባት ዓመት ዘለቀ፤ ዛሬ «ከሁሉም እሱ ይበልጣል» የሚሉት ብዙ ናቸው።

በ2009 ደግሞ ባሰ። ዳይሬክተሩ ጄ. ጄ. አብራምስ ያንኑ ከርክንና ያንኑ ስፖክን ለወጣት ተዋንያን ሰጣቸው። ግን አንድ ብልሃት ነበረው። የመጀመሪያውን ስፖክ፣ ሽማግሌውን ሊዮናርድ ኒሞይን ራሱን ፊልሙ ውስጥ አስገባው። ታሪኩም በሌላ የጊዜ መስመር እንዲሄድ ስላደረገ የድሮው ሳይነካ እንዳለ ቀረ። የአባትን ቤት ሳያፈርሱ ከጎኑ ጎጆ እንደ መውጣት ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ «ሩጫውና ድብድቡ በዛ፣ ማሰቡ ቀረ» ያሉ አልጠፉም። ይሄኛው ቅሬታ ግን ፊልሙን አይቶ የመጣ ቅሬታ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «ከወጋየሁ በኋላ አይነካ» የምንል ሰዎች አንድ ነገር እንርሳ አንበል፤ ወጋየሁ ራሱ የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ የነበረው ወረቀት ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሳንም የሚያውቃቸው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ አፍ ነው። ደፍሮ እውነት የሚናገር ሰው ሲያጋጥመው «ይሄ ጉዱ ካሳ!» ይል ነበር፤ መጽሐፉን በእጁ ይዞት እንኳ አያውቅም። ያኔ «ድርሰቱ በሬዲዮ ይበላሻል» ተብሎ ቢከለከል ኖሮ አባቴ ከነጭራሹ አይሰማውም ነበር። ስለዚህ ዛሬ አጥር ሠርተን የምንጠብቀው ትረካ ራሱ ትናንት አዲስ ነበር።

ደግሞስ ጎጃም ውስጥ ሆኖ ይሄን መፍራት ትንሽ አይገርምም? የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ አገር ሰዎች ነን። የጉባኤ ቃናው ልክ የጥንት ነው፤ ሁለት ቤት፣ አለቀ። ተማሪው ግን የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው «ይህንማ ሰምተነዋል» ይባላል። ልኩ የአባቶች፣ ቃሉ የራሱ መሆን አለበት። በዛብህም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው። «ልብ ወለድ ቅኔ አይደለም፤ የደራሲው ቃል አይቀየርም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ቃሉማ መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የትኛውም ድራማ ከዚያ አይፍቀውም።

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ክፍል ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ?» ስል የሚወጡት እጆች ከዓመት ዓመት እያነሱ ሲሄዱ አይቻለሁ። «የሰማስ?» ስል ትንሽ ይጨምራል፤ እሱም ዩቲዩብ ላይ የተቆረጠ አሥር ደቂቃ። ማንም ያልነካው መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ አቧራም ይለብሳል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ተቆጡ፤ ቁጣው የፍቅር ነው። ብቻ የምትቆጡበትን ምረጡ። ጉዱ ካሳን ማሳቂያ ካደረጉት ተቆጡ፤ የመጽሐፉ ኅሊና እሱ ነውና። የፊታውራሪ ንግግር የዛሬ የአዲስ አበባ ካፌ አማርኛ ከሆነ ተቆጡ። ማንኩሳና ዲማ እዚሁ እያሉ የሌላ አገር ሜዳ ካሳዩን፣ ኧረ እኔም እቆጣለሁ! ተዋናዩ ወጋየሁን ስላልመሰለ ግን አትቆጡ። እሱን የሚመስል አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም።

ከመቆጣታችሁ በፊት ደግሞ አንድ የቤት ሥራ፣ እንደ ድሮው። መጽሐፉን ካነበባችሁት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ገጽ ብቻ ቤት ላለ ልጅ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በወጋየሁ ድምፅ ሳይሆን በራሳችሁ ድምፅ። ልጁ ምን እንዳለ እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ቸር ያሰማን።