930 ዶላር ለሁለት

በወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ የመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ኤም 15 ይባላል። የአንድ ሳምንት ውድድር ነው፤ ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር። ከዚህ ውስጥ የወንዶች ጥንድ ሻምፒዮን የሚወስደው 930 ዶላር ነው። ለአንድ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ለጥንዱ ነው። ሲካፈሉት 465 ይደርሳቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ የሚወጣ ጥንድ ደግሞ 108 ዶላር ያገኛል፤ ለእያንዳንዳቸው 54 ማለት ነው። ከዚህ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ግብርና የራኬት ክር ቀንሱና የሚተርፈውን ንገሩኝ።

እኛ ቴኒስ ሲባል የሚታየን ጆኮቪች ነው። «የሀብታም ጨዋታ» እንላለን። እውነት ነው፣ ግን ሀብታም ሆነው የሚጀምሩት እንጂ ተጫውተው ሀብታም የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። ሌላው ከከተማ ከተማ ቦርሳውን ተሸክሞ የሚዞር የቀን ሠራተኛ ነው። ደሞዝ የለውም፣ አሠሪ የለውም፣ ከታመመ ገቢው ይቆማል።

ይህን ሒሳብ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የራሴ ኑሮ ነዋ! ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። አንዴ ከፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ጋር ለአንድ የውጭ ሚዲያ ከድሬ እስከ ጅግጅጋ ተጉዘን አንድ ሥራ ሠራን። ክፍያው ከአራት ወር በኋላ መጣ። ለሁለት ስንካፈለው የመኪናውን ኪራይ በቅጡ አልሸፈነም። ግን ስማችን ወጣ፤ በዚያ ስም ቀጣዩን ሥራ አገኘን። ቴኒሰኞቹ «ነጥብ» የሚሉት ይሄንኑ ነው። ገንዘቡ አያኖርም፣ ነጥቡ ግን ወደሚቀጥለው በር ያስጠጋል።

ጥንድ ጨዋታ ደግሞ ከነጠላው የባሰ ጉድ አለው። 16 ጥንዶች ይገባሉ፣ አራቴ ያሸነፈ ዋንጫውን ያነሳል። በዚህ እርከን ግን ብዙዎቹ ቋሚ አጋር የላቸውም። ለነጠላ ውድድር መጥቶ «ለጥንድ ሰው ይዘሃል?» ብሎ በስልክ መልእክት የሚጠያየቅ ነው። ቋንቋ የማይግባቡ ሁለት ልጆች ሰኞ ተዋውቀው ማክሰኞ አብረው ሜዳ ይገባሉ፤ ቅዳሜ ወይ ዋንጫ ይዘዋል ወይ ከተለያዩ አራት ቀን ሆኗቸዋል።

ሕጉም አጭርና ጨካኝ ነው። 40 ለ 40 ሲሆኑ እንደ ነጠላው እየተመላለሱ አይቆዩም። አንድ ኳስ ብቻ ትመታለች፤ ያቺን ያሸነፈ ጌሙን ወሰደ። ማን ይቀበል የሚለውን የሚወስኑት ተቀባዮቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ አንድ ሴት ከተካፈሉ ደግሞ (ሴት የሚሉት የጨዋታውን ክፍል ነው፣ ሌላ እንዳትገምቱ) ሦስተኛው በሙሉ አይካሄድም፤ ቀድሞ 10 ነጥብ የደረሰና በሁለት የበለጠ ጥንድ ያልፋል። ስለዚህ በጥንድ ደካማው ጠንካራውን የመጣል ዕድሉ ሰፋ ያለ ነው። ድሃ አገር ዓይኗን መጣል ያለባት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ማስረጃዬ ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ እ.ኤ.አ በ2022 ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ኒጅካምፕ ጋር ተጣምራ የዊምብልደንን የልጃገረዶች ጥንድ ዋንጫ ወሰደች። ናይሮቢ ውስጥ አያቷ ያሳደገቻት ልጅ ናት። በሩ የተከፈተላት በነጠላ ሳይሆን በጥንድ ነው። ዕድሜም ቢሆን በጥንድ ይታገሳል። ህንዳዊው ሮሃን ቦፓና በጥንድ የዓለም ቁጥር አንድ የሆነው እ.ኤ.አ በጥር 2024፣ በ43 ዓመቱ ነው። ሠላሳዎቹን ለተሻገርን ሰዎች ጥሩ ዜና ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋር ገመድ ወጥረው፣ በአሮጌ ኳስ፣ ጥንድ ነን ይላሉ። ከማን ጋር እንደሚጋጠሙ እንጃ፤ ድሬ ውስጥ ሌላ ጥንድ እስካሁን አላገኙም። ራኬት ልገዛላቸው ታይዋን ወረድኩ። ድሬን የማታውቁ፣ ታይዋን ከኤሌክትሮኒክስ እስከ ጫማ የሚገኝበት ገበያችን ነው፤ «ታይዋን የሌለ ነገር አልተሠራም» የምንልለት።

«ራኬት አለ?» አልኩት ባለሱቁን።

«ሞልቷል አቦ!» ብሎ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። ሦስቱም የትንኝ መግደያ ናቸው፤ በቻርጅ የሚሠሩት።

አልፈረድኩበትም። በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያስተኛ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደንጌና ወባ ሲመላለሱብን ለከረምን ሰዎች ራኬት ማለት እሱ ነው። የቴኒስ መሆኑን ስነግረው ባድሜንተን አመጣ። በመጨረሻ ከአንድ የልባሽ ዕቃ ክምር ስር አንድ እውነተኛ ራኬት ተገኘ፤ ክሩ ሁለት ቦታ ተበጥሷል። ዋጋውን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ። «ዶላሩን አታይም እንዴ አቦ?» አለኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ይህን ያላለኝ ነጋዴ የለም። ክሩን የሚቀጥልልኝ ሰው ድሬ ውስጥ አጥቼ ራኬቱ አሁንም በቋጠሮ ነው የሚሠራው።

በነገራችን ላይ ስሟን የተዋስናት ደሴት የዚህ ዝቅተኛ እርከን ንጉሥ አላት። ሉ የን ሱን ይባላል፤ ከኤም 15 እና ኤም 25 ከፍ ብሎ ባለው በቻሌንጀር ደረጃ 29 የነጠላ ዋንጫ ሰብስቧል። እ.ኤ.አ በ2010 ዊምብልደን ላይ አንዲ ሮዲክን አሰናብቷል። በጥንድ ደግሞ የዚያችው ደሴት ልጅ ሲዬ ሱ ወይ የዓለም ቁጥር አንድ ሆናለች። ከኛ ታይዋን ግን የትንኝ ራኬት።

ቀልዱን ልተወውና፣ ችግሩ የልጆች ፍላጎት ማጣት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የተባሉ ወንድማማቾች ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን ቴኒስና ትምህርት አጣምረው ሲያስተምሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጎደለው መሰላሉ ነው። ሩዋንዳን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ በ2024 ኪጋሊ ላይ ሁለት ቻሌንጀር 50 ውድድሮች አዘጋጀች፤ በዓመቱ አንዱን ወደ 75፣ ሌላውን ወደ 100 አሳደገች። አዘጋጅ አገር ለራሷ ልጆች የግብዣ ቦታ ትሰጣለች፤ በጥንድም ጭምር። ናይጄሪያ ወይም ቱኒዝያ ድረስ ቲኬት መቁረጥ የማይችል ልጅ በታክሲ ሄዶ ይጫወታል። ቢሸነፍም 54 ዶላሩ ከኪሱ ሳያስወጣው ደረጃው ምን ያህል እንደሆነ ያያል።

«በዚህ ኑሮ ውድነት ቴኒስ?» የሚል አስተያየት ከታች እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እኔ ስታዲየም ይገንባ አላልኩም። ለአንድ ሰሞን ስብሰባና ለባነር የሚወጣው ብር ስንት ሜዳ እንደሚያድስ ግን ሁላችንም እንገምታለን። የትምህርት ቤት ልጆች የሚጫወቱባቸው ዕቃዎች ከቀረጥ ነፃ ቢገቡ መንግሥት አይከስርም። እንደ ድሬ ባለ፣ የባቡሩ ፈረንሳዮች በቆረቆሩት፣ ነፃ የንግድ ቀጠናም በ2014 በተከፈተበት ከተማ የራኬት ክር መጥፋቱ ያስቃል፣ ያሳፍራልም።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ በግቢያችሁ የቴኒስ ሜዳ ያላችሁ ድርጅቶችና ግለሰቦች ካላችሁ፣ ለሁለት ልጆች በሳምንት ሁለት ሰዓት የምትፈቅዱ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። መረብ ባይኖረውም ችግር የለም፣ ገመድ አላቸው። የሚቻል ከሆነ ከሰዓት ሳይሆን ጠዋት ይሁንላቸው፤ የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ።